ፎርዊሉን ትተን የሄድን ዕለት

ለታናሽ እህቴ፦

ጥፋተኛዋ አንቺ ነሽ፤ ባልሽ አይደለም። ሰላምታውን ያላስቀደምኩት ልቤ እንዳይራራብኝ ብዬ ነው።

አሁን ልጠይቅሽ፤ እንደምን ከርመሻል? የወገብሽ ሕመም ተሻለሽ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ስልክሽን እሱ ስለሚያነሳው ደብዳቤውን ወደምትሠሪበት ልብስ ስፌት ላክሁት። ሌላ ጊዜ የምትጽፍልኝ ልጄ ነበረች። አሁን ስለማታናግረኝ በማታ ትምህርት በለቀምኩት ፊደል ራሴ ጻፍኩት። መስመሩ ቢንጋደድ ቻይው።

ለዕረፍት የሄድን ዕለት መኪና አከራዩ ያለውን ሰምተሻል። ወደ ሐይቁ የሚወርደው መንገድ ዝናብ ከመታው ጭቃ ነው፣ ይህቺ ትንሿ መኪና አትችለውም፣ ፎርዊሉን ውሰዱ ብሎ ለመነን። ባልሽ ሳቀበት። «ፎርዊል የሚከራየው መንዳት የማይችል ሰው ነው፤ እኔ መሪ ስጨብጥ አንተ ዳዴ ትል ነበር» አለው። ሰውየው እኮ በዕድሜ አባቱ ይሆናል! እኔ «ኧረ ተው፣ ሕፃን ይዘናል» ልል ስል በክርንሽ ጎሸም አደረግሽኝ። ስለ አንቺ ብዬ ሕፃኗን ታቅፌ ከኋላ ገባሁ።

ቁልቁለቱ ላይ ጎማው መንሸራተት ሲጀምር ቀስ በል አልኩት። ያውም በለሆሳስ። «እትዬ፣ ከፈሩ ዓይንዎን ይጨፍኑ» ብሎ ነዳጁን ረገጠው። መኪናዋ ዞራ ቦዩ ውስጥ ተጋደመች። ጭኔ ላይ የነበረችው የልጅ ልጄ፣ ሚጣዬ፣ ክንዷ ተሰበረ።

ሐኪም ቤት ልጄ እየሮጠች ስትመጣ ባልሽ ቀደመኝ። «እናትሽ ጮኸው መሪውን ያዙብኝ» አላት። እሷም ወደ አንቺ ዞራ «አክስቴ፣ እውነት ነው?» አለችሽ። አንቺ መሬት መሬቱን እያየሽ «አዎ፣ ደንግጣ ነው» አልሽ። እኔ ከኋላ ወንበር ሕፃን ታቅፌ፣ መሪውን በየትኛው እጄ ያዝኩት?

ከዚያ ወዲህ ልጄ ሚጣን አታመጣልኝም። እኔ ስሄድ በሩን ገርበብ አድርጋ «እማዬ፣ ተኝታለች» ትለኛለች። የሚጣ ሳቅ ከውስጥ እየተሰማኝ እመለሳለሁ።

እሱ ቢዋሽ አልደነቀኝም። አንቺ ግን እናታችን ከሞተች ጀምሮ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩሽ ነሽ። ምን ፈርተሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ማወቄ ግን ሚጣን አልመለሰልኝም።

ሄደሽ ለልጄ እውነቱን ንገሪያት። ከዚያ በኋላ ቤትሽ መግባት ከፈራሽ ወደ እኔ ነይ፤ አልጋ አነጥፍልሻለሁ፣ አንድ ቃል አልጠይቅሽም። ፈጣሪ ድፍረት ይስጥሽ፤ ከመንገዱም ከቤቱም ክፉ ይጠብቅሽ።

እኔ ግን ከእንግዲህ ጎረቤቶችሽ ፊቷ ምን ሆኖ ነው ብለው ሲጠይቁኝ «በር ነው የመታት» አልልም።

ታላቅ እህትሽ