ሩሐማ ብቻዋን የመለሰችው ፈተና

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ ለምህረት፣

እንዴት ከረምሽልኝ እታለም? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? ለለቅሶው መጥተሽ ስትመለሺ መኪናው ላይ ለመውጣት እንኳ ሲያስቸግርሽ አይቼ ነበርና ሐሳቡ ከልቤ አልወጣም። ጋሽ መኮንን ደህና ናቸው? ልጆቹስ፣ አብኔርና ሰብለ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። አለን ስልሽ መቼም ይገባሻል፤ ልጄን ያቤጽን ከቀበርን ሦስት ወር ሊሞላው ነው፣ እኔም እነሳለሁ፣ እተኛለሁ፣ የሰጡኝን እበላለሁ።

ይህን ነገር በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ጀምሬ አቃተኝ። ድምፅሽን ስሰማ ልቅሶ ይቀድመኛል፣ ሉቃስም አጠገቤ ይቆማል። ስለዚህ ቀስ ብዬ ልጻፍልሽ ብዬ ተቀመጥኩ። ጽሕፈቴ ቢያስቸግርሽ ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ መሆኔን አስቢና ይቅር በይኝ።

ነገሩ የሩሐማ ፈተና ነው። ልጅቷን ሐዋሳ ወስደሽ እናንተ ሰፈር ካለው ትምህርት ቤት ልታስገቢያት ስትነሺ፣ ትምህርት ቤቱ ቤቷ ሆና የምትፈተነውን በአባቷ በሉቃስ ስልክ ላከ። ውጤቱ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ያህል ታውቃለች ብሎ ሲመጣ በስልክ እልል ያልሽው እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። እታለም፣ ያ ውጤት የሩሐማ አይደለም።

ፈተናው የተላከ ቀን ቤቱ በለቅሶ ደራሽ ሞልቶ ነበር። የእኛን ሰው ታውቂዋለሽ፤ ሐዘንተኛ ለብቻው መተው የለበትም ብለው ከጠዋት ጀምሮ አይለዩሽም። ሩሐማ ስልኩን ይዛ ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር። የመጀመሪያውን ጥያቄ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስትጠይቀኝ ጋሽ ሻንቆ ሰሙ። ግብርና ቢሮ ጸሐፊ የነበሩት ጎረቤታችን ናቸው። «እስቲ አምጪው፣ እኔ የወረዳውን ሪፖርት ስጽፍ አይደል እንዴ የሸበትኩት» ብለው መነጽራቸውን አደረጉ። ወንጌላዊ እውነቱ ደግሞ «ሒሳቡን ለእኔ ተወው፤ አንተ የዕድሩን ወንበር ስትቆጥር እንኳ ሁሌ ትሳሳታለህ» አሏቸው። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ልጄን ከቀበርኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ።

ፈተናው ልክ በተመለሰ ቁጥር እየከበደ የሚሄድ ስለሆነ ሽማግሌዎቹ እልህ ያዛቸው። የሩሐማ ሥራ ንኪ ያሏትን መንካት ብቻ ነበር። ልጅቷ ትለፍ፣ እናትየዋም ትጽናና ብለው እንጂ ክፋት አልነበራቸውም። እኔም ፈተና ማለት ማለፍ ነው ብዬ ነው የማውቀው። ልጁ የጎደለውን አይተው ከዚያ ሊያስጀምሩት የሚሰጥ ፈተና መኖሩን በየት ልወቅ?

በኋላ ሌላ መልእክት መጣ። በውጤቷ ምክንያት አራተኛን ዘላ አምስተኛ ትገባለች፣ የማጠናከሪያ ትምህርትም አያስፈልጋትም ይላል። ውጤቱን የተጠራጠረ ቤተሰብ አንድ ጊዜ ብቻ ማስደገም ይችላል፣ ግን ማንም እንዳይረዳት ይላል። ሳነበው ነው ምን እንዳደረግን የገባኝ።

መውጫው ጠፋኝ እታለም። ዝም ብል ልጄ ሰው አገር ሄዳ በማይገባት ክፍል ውስጥ ልትሸማቀቅ ነው። ብናገር ልጅቷን ላለመስጠት ሰበብ ፈለገች ልትሉኝ ነው። ሉቃስማ ገና ነገሩን ሳልጨርስ «አንዱን ሞት ወሰደው፣ ይቺን ደግሞ አንቺ አንቀሽ ልታስቀሪያት ነው» አለኝ። እንድትሄድ አልፈልግማ።

ሐሙስ ዕለት እሱ ስልኩን ቤት ትቶ ቀይ አፈር ገበያ ሲሄድ በሩን ከውስጥ ቀረቀርኩት። የለቅሶ ቤት በር ተቀርቅሮ አይተሽ ታውቂያለሽ? ጋሽ ሻንቆ መጥተው አንኳኩ፤ «አስካለ፣ የለሽም እንዴ?» አሉ። ያቤጽን ሞተሩ የጣለው ዕለት ሬሳውን ያጠቡልኝ እሳቸው ናቸው። አልከፈትኩላቸውም።

ፈተናው እንደገና ሲጀመር ለሩሐማ አራት መስመር ንባብ ወጣላት። ፊደሉን አንድ በአንድ ትጠራዋለች፣ ቃል ግን አይሆንላትም። ዞር ብላ «እማ፣ የቱ ነው?» አለችኝ። መልሱን አውቀዋለሁ። እጄን ጭኔ ሥር ከትቼ ተቀመጥኩበት። የቤት ሥራሽን እንዴት ነበር የምትሠሪው ብላት «ያቤጽ ነዋ የሚያነብልኝ» አለችኝ። የሚያነብልኝ ነው ያለችው። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ደብተር ላይ አጎንብሰው ሲሳሳቁ እያየሁ፣ ልጄ ትማራለች ብዬ እደሰት ነበር።

ሆስፒታሉ በር ላይ እንደቆምኩበት ቀን ነው የረዘመብኝ፤ ልጄ ሲያቅታት እያየሁ ምንም አለማድረግ። በመጨረሻ «ያላወቅሽውን፣ አላውቅም የሚለውን ንኪ» አልኳት። «እንዲህ ማለት ይቻላል?» ብላ አየችኝ። ይቻላል አልኳት። ነካችው፣ ትከሻዋም ላላ ሲል አየሁት። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ አላውቅም እንዳለች አልቆጠርኩም። ሒሳቡን ግን በጣቷ እየቆጠረች ማንም ሳይነግራት ሠራችው።

ንባቧ የአንደኛ ክፍል፣ ሒሳቧ የሦስተኛ ክፍል ሆኖ መጣ። ሉቃስ ውጤቱን አይቶ ስልኩን አስቀመጠና ወጥቶ ሄደ፤ እስካሁን አላናገረኝም። በር የዘጋሁባቸውም እግራቸውን ሰብስበዋል። ቤቱ ጭር ብሏል፤ አሁን ሐዘኑና እኔ ብቻችንን ነን።

ትምህርት ቤቱ ሳይነግርሽ በፊት ከእኔ ስሚው ብዬ ነው የጻፍኩልሽ። ያስደገምኳት ልጄን ላለመለየት ብዬ አይደለም። ልለያትም አልፈልግም። ሁለቱም እውነት ነው፣ አንዱን ደብቄ ሌላውን ልነግርሽ አልችልም። አሁን ሄደሽ አነጋግሪያቸው። ከፊደል ጀምረው በትዕግሥት የሚያስተምሯት ከሆነ ደውለሽ አዘጋጂያት በይኝ፤ ልብሷን እኔው አጥቤ፣ እኔው አሳፍሬ እልክልሻለሁ። አምስተኛ እናስገባታለን ካሉ ግን አልሰጥሽም እታለም። ብትቀየሚኝም አልሰጥሽም።

ጋሽ መኮንንን ዝቅ ብዬ ሰላም ብያለሁ። አብኔርን ሳሚልኝ፤ የላከልኝ የያቤጽ ፎቶ ደርሶኛል፣ ፖስታውን ግን ገና አልከፈትኩትም። ሩሐማም ሰብለ በጣም ናፍቃኛለች፣ ሰላም በይልኝ ብላለች። አንቺም ጉልበትሽን ብርድ እንዳታስመቺ።

ታናሽ እህትሽ አስካለ
ጂንካ፣ ነሐሴ 5 ቀን 2016 ዓ.ም.