በጀልባ ላይ የቆሙት ሽማግሌዎች

የኔ ጌታ ወርቅነህ፣

ባለህበት ሰላም ሁን። ከተለያየን እነሆ ሦስት ዓመት ከአምስት ወር ሆነን። ወሬዬ ብዙ ነውና ታገሠኝ። በሕይወት ሳለህ «አስካለ፣ እባክሽ መሃል ላይ ትንፋሽ ውሰጂ» ትለኝ ነበር። አሁን የሚያቋርጠኝ ስለሌለ ወሬዬም ጣዕም አጥቷል። ሳወራ ቆይቼ ዞር ስል፣ አንተ እየሳቅህ የምትሰማበት ጥግ ባዶውን ነው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። የሣር ክዳኑን አስነሥቼ ቆርቆሮ አልብሼዋለሁ። ዝናብ ሲመጣ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው እንኳ አይሰማኝም፤ ለኔ ይህ ምን ዓይነት ቅጣት እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። የመብራት ምሰሶ በሰፈራችን ተተክሏል፣ ሽቦው ግን እስካሁን አልመጣም። ጥቁሯ በግ መንታ ወልዳለች። መጻሕፍትህን ታስተምርበት ለነበረው ትምህርት ቤት ሰጠሁ፤ ቀይ እርሳስህን ግን አስቀረሁ። በማታ ትምህርት አስረኛ ክፍልን ስማር ደብተሬን ያረምህበት ነው። ለሌላው ተማሪ የምትራራውን ያህል ለኔ አትራራም ነበር፤ አሁን ሳስበው እሱም ይናፍቀኛል።

ብዕር ያነሣሁት ግን ስለ ልጃችን ስለ የሺ ነው። ደስም ብሎኛል፣ ፈርቼሃለሁም።

ያን ነሐሴ የተናገርከውን አልረሳሁም። እጄን ይዘህ፣ የሺም ከግርጌ ተቀምጣ እግርህን እያሻሸችልህ፣ «ሳሏ ሲነሣባት በአንድ ቀን ደርሰሽ የማታስታምሚያት አገር እንዳትድሪያት» አልከኝ። እኔም እሺ አልኩህ። እሺ ባልልህስ? ከሕፃንነቷ ጀምሮ የደብረ ብርሃን ብርድ ደረቷ ላይ ሰፍሮ ስንት ክረምት አዝለሃት ከግድግዳ ግድግዳ ተመላለስክ። ሮጣ ከመጣች ሦስት ቀን ትተኛ የለም?

ካንተ በኋላ ከጫጫ አንድ እህል ነጋዴ ጠየቃት፣ ከሰላ ድንጋይም የአንድ አስተማሪ ልጅ። ሁለቱም በአንድ ቀን የሚደረስባቸው አገሮች ናቸውና ደስ አለኝ። እሷ ሁለቱንም እምቢ አለች። ከዚያ የነርስነት ትምህርቷን ጨረሰችና ምጽዋ መደቧት። ምጽዋ እኮ ከደጃችን በአውቶቡስ ተነሥተህ ደሴ፣ መቀሌ፣ አሥመራ እያደርክ በአራተኛው ቀን የምትገባበት አገር ነው! ለሥራ መሄድ መዳር አይደለም ብዬ ራሴን አታልዬ ሸኘኋት።

ዘንድሮ ከጥምቀት ማግስት ልጠይቃት ሄድኩ። እንዳትስቅብኝ፤ ከመዘዞ ያስመጣሁትን ወፍራም የሱፍ ባና ተሸክሜላት ነው የሄድኩት። ከአሥመራ ካመጣኝ ባቡር ስወርድ ሙቀቱ እንደ ምድጃ ፊቴን ገረፈኝ፤ ያውም በጥር! የሺ ባናውን አይታ ሆዷን ይዛ ሳቀች። አሁን አጣጥፋ ትቀመጥበታለች።

በሦስተኛው ቀን «እማዬ፣ በጀልባ ደሴቶቹን እናሳይሽ» አለችኝ። ጀልባዋ የእንጨት ናት፣ ሞተር ያላት። አዛዧ ከዚያው ከደሴቶቹ የተወለደ አንድ ሽማግሌ ነው፤ እዚያ ናኹዳ ይሉታል። ሞተሩን የሚጠብቀው ሃብቶም የሚባል የሐማሴን ልጅ ነው፣ ዝምተኛ፣ ክርስቲያን። አጎቱ አቶ ተስፋይም «ነፋስ ልቀበል ነው የመጣሁት» ብለው ነጭ ለብሰው ተሳፍረዋል። የሺ «ሃብቶም» ስትል ድምጿ ሲቀጥን መጠርጠር ነበረብኝ፤ ግን ባሕሩን አይቼ አእምሮዬን ስቼ ነበር።

ወርቅነህ፣ ባሕሩን እንዴት ልንገርህ? ከሠርጋችን በኋላ አንኮበር እናቴን ልንጠይቅ ሄደን፣ ጠዋት ገደሉ አፋፍ ላይ የተቀመጥነው ትዝ ይልሃል? ቆላው በሙሉ ጉም ሞልቶት የኮረብቶቹ አናት ብቻ ብቅ ብቅ ብሎ ነበር። «ባሕርና ደሴት ማለት ይኸው ነው» አልከኝ፤ አንተም ባሕር ያየኸው በካርታ ላይ ነበር። ጡረታ ስወጣ እወስድሻለሁ አልከኝ። መልኩን አልተሳሳትክም። ደሴቶቹ ልክ እንደዚያ ብቅ ብቅ ብለዋል። ሽታውን ግን አልነገርከኝም፤ ውሃው እስከ ታች ድረስ እንደ መስተዋት እንደሚታይ፣ ዓሣዎቹ ከሥራችን እንደ ወፍ መንጋ እንደሚያልፉም አልነገርከኝም። ላሳይህ ብዬ እጄን ወደ ጎን ሰደድኩና የያዝኩት የየሺን ክንድ ሆነ።

የመጀመሪያዋ ደሴት ስትቀርብ የሞተሩ ድምፅ ዝቅ አለ። አቶ ተስፋይ ነጠላቸውን አስተካክለው ቆሙ፤ ናኹዳውም አጠገባቸው ቆመ። ሊወርዱ መስሎኝ «ገና አልደረስንም እኮ» አልኳቸው። አቶ ተስፋይ እጅ ነሥተው «ወይዘሮ አስካለ፣ የመጣነው ለጉዳይ ነው። ልጅዎን ለልጃችን ብለን ነው» አሉኝ።

ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማ እንደማይቀመጥ ታውቃለህ፤ በነሱም አገር እንደዚያው ኖሯል። ግን እኮ ሽማግሌ የሚቆመው መሬት ላይ ነው! ጀልባዋ በተወዛወዘች ቁጥር አቶ ተስፋይ አንዴ ወደኔ፣ አንዴ ወደ ባሕሩ ይሰግዳሉ። «ኧረ ተቀመጡ፣ ትወድቃላችሁ» እላለሁ። «ቃልዎን ሳንሰማ አንቀመጥም» ይላሉ። ሃብቶም ደግሞ ሚስት የሚጠየቅለት ሰው ፊቱን አያሳይም ብሎ ጀርባውን ሰጥቶናል። መሪው ያለው ከኋላ ነው፤ ፊቱን ካዞረ የሚያየው ያለፍነውን ባሕር እንጂ የምንሄድበትን አይደለም። ናኹዳው ሽምግልናውን እያቋረጠ «ግራ! ግራ በል አንተ! አሁን ቀኝ!» ይለዋል። የሺ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍናለች፤ ትከሻዋ ግን ሲንቀጠቀጥ እየሳቀች እንደሆነ አወቅኩ።

እኔም እንደ ወጉ ቆፍጠን ብዬ «ዘመድ ላማክር፤ ከሳምንት በኋላ ተመለሱ» አልኩ። አልኩና አፌን ያዝኩ። ወዴት ሄደው ነው የሚመለሱት? ናኹዳው ግን ምንም አልመሰለውም። «እዚህ ባሕር ላይ አንዷ ደሴት አንድ ሳምንት ናት እህቴ። ከደሴቷ ስንነሣ እንመለሳለን፣ ኢንሻአላህ» አለና አቶ ተስፋይን ደግፎ ወደ ጀልባዋ አፍንጫ ወሰዳቸው። አምስት እርምጃ ርቀው ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተቀመጡ። ሄዱ ማለት ነው።

የማማክረው ዘመድ ደግሞ ማን አለ? በዚያች ጀልባ ላይ የሙሽሪት ወገን እኔ ብቻ ነበርኩ። አንተን ነበር የማማክረው፤ አንተ ደግሞ መልስህን አስቀድመህ ሰጥተሃል።

ደሴቷ ከጓሯችን ብዙም አትሰፋም። ነጭ አሸዋ፣ ዛፍ የሚባል የሌለባት፣ ወፍ ብቻ። ጫማዬን አውልቄ ውሃው ውስጥ ገባሁ። ማዕበሉ ሲመለስ ከእግሬ ሥር አሸዋውን ሲወስደው የሚጎትተኝ መስሎኝ ጮኽኩ፤ ከዚያ ደግሞ ደስ ብሎኝ ጮኽኩ። በዚህ ዕድሜዬ! ስቀርባቸው ያልሸሹኝ ወፎች በኔ ድምፅ ተነሥተው ሄዱ።

ስንነሣ ሽማግሌዎቹ «ሳምንቱ ሞላ» ብለው ቆሙ። ጊዜ ለመግዛት ዘር ጠየቅኩ። አቶ ተስፋይ ገመድ ጨብጠው የሃብቶምን ሰባት ቤት አባቶች መቁጠር ጀመሩ። አምስተኛው ላይ ሲደርሱ ፊታቸው አመድ መሰለና ዘወር ብለው አስመለሳቸው። የደጋ ሰው ናቸው፣ ባሕር አያውቁም። የቀሩትን ሁለቱን ሃብቶም ጀርባውን እንደሰጠ ጮሆ ጨረሳቸው። አሁንም «ከሳምንት በኋላ» አልኩ፤ አሁንም አምስት እርምጃ ሄዱ። ናኹዳው በሄዱበት «የሴትዮዋ ዘመድ ብዙ ነው መሰለኝ» ሲል ሰማሁት።

ሁለተኛዋ ደሴት ዳር ዛፎቹ ባሕሩ ውስጥ ነው የበቀሉት። ጨው ውሃ ውስጥ ቆመው ቅጠላቸው ለምለም። እዚያ ከየሺ ጋር ለብቻችን ሄድን። ምንም ሳልጠይቃት «አባዬ ያለውን አልረሳሁትም» አለችኝ። «ሃብቶምን እወደዋለሁ። አንቺ እምቢ ካልሽ ግን አላገባውም፤ የአባዬን ቃል ረግጬ ጎጆ አልወጣም።» እንዲህ ብላ ሁሉንም ነገር እኔ ላይ ጣለችው። አልቅሳ ብትለምነኝ ይሻለኝ ነበር። የእሺታዬ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ ላንተ የሰጠሁህ የመጨረሻ ቃል ነው፤ እሱንም ካጠፋሁ ካንተ ምን ይቀረኛል እያልኩ አሰብኩ።

እዚያው ቆመን ሳለ ነፋሱ ነጠላዋን ከትከሻዋ መንጭቆ ወሰደው። የሺ ተከትላ ሮጠች። አሸዋው ረጅም ነው፤ ነጠላው መሬት ሊነካ ሲል እንደገና ይነሣል፣ እሷም እየሳቀች ትከተላለች። ከሩቅ ትንሽ እስክትሆን ሮጠች። ይዛው ደግሞ እየሮጠች ተመለሰች፤ ፊቷ ቀልቷል፣ ደረቷ ከፍ ዝቅ ይላል። እኔ እንደ ልማዴ አንዱን እጄን ጀርባዋ ላይ፣ አንዱን ደረቷ ላይ አድርጌ ሳሉን ጠበቅኩ።

ጠበቅኩ። አልመጣም።

«ምን ሆነሽ ነው እማዬ?» አለችኝ። «እዚህ ከመጣሁ እኮ አንድ ቀን አልሳልኩም፤ ጽፌልሽ የለ?» ጽፋልኛለች፤ ልጅ እናቷን ለማጽናናት የምትጽፈው መስሎኝ አላመንኳትም ነበር። ወርቅነህ፣ ደረቷ በእጄ ሥር እንደ ንጹሕ ክፍል ባዶ ነበር። ያ አንተ ተሸክመኸው የምትመላለሰው ሁሉ የለም። እጄን ማንሣት አቃተኝ።

ከደሴቷ ስንነሣ ሽማግሌዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ ቆሙ። አቶ ተስፋይ ገርጥተዋል፣ ግን ቆመዋል። «እሺ፣ ሰጥቻችኋለሁ» ማለት ነበረብኝ። ከአፌ የወጣው ግን «አባቷ ፈቅዷል» የሚል ነው።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም። ልጅ የሚሰጠው አባት ነው፤ ያለ አባት የተሰጠች እንዳይሏት ፈልጌም ይሆናል። የሺ ግን ያን ዕለት እግርህን ይዛ ሰምታሃለች። ቀና ብላ አየችኝ፤ እኔም አየኋት። ሽማግሌዎቹ እኩል ዘጭ ብለው ተቀመጡ። ናኹዳው «አልሐምዱሊላህ፣ እግሬ ሞቶ ነበር» አለ። ሃብቶም ሞተሩ ስለሚጮህ አልሰማም፤ ጀርባውን እንደሰጠን ነበር። እልልታዬን ሳቀልጠው ብቻ ዞረ። ያን ጊዜ ነው ፊቱን ደህና አድርጌ ያየሁት። ደግ ፊት ነው።

በሦስተኛዋ ደሴት ዓሣ በፍም አብስለው አበሉን። ስንመለስ ፀሐይዋ ከምጽዋ ጀርባ ካሉት ተራሮች ላይ ስትወርድ ሁሉም ዝም አለ፤ እኔም ሳልቀር ዝም አልኩ፤ ዝም ማለት እችል እንደነበር ብታይ ትገረም ነበር።

አሁን ቤቴ ገብቻለሁ። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ እዚሁ ነው። ከመደገሴ በፊት ግን ይህን ላንተ መናገር ነበረብኝ፤ ያላልከውን በስምህ ተናግሬያለሁ። አንተ ቃል ያስገባኸኝ ለምትስለዋ ልጅ ነበር፤ እኔ የዳርኩት የማትስለዋን ነው። እዚያ አሸዋ ላይ እጅህ ደረቷ ላይ ቢሆን ኖሮ ከኔ ቀድመህ እሺ ትል እንደነበር አምናለሁ። ካልሆነም ጥፋቱ የኔ ነው፣ የሷ አይደለም፤ ስንገናኝ እኔን ውቀሰኝ።

ከመመለሴ በፊት በነበረው ቀን ሆስፒታሉ ሄጄ ስትሠራ አየኋት። አረብኛ የሚናገረውም፣ ትግርኛ የሚናገረውም፣ ሁሉም በየቋንቋው «የሺ ወርቅነህ! የሺ ወርቅነህ!» ይላታል። ስምህን እንዴት እንዴት አድርገው እንደሚጠሩት ብትሰማ! አንተ ረግጠኸው በማታውቀው ባሕር ዳር ቀኑን ሙሉ ትጠራለህ። ብትዳርም ያንተን ስም አትለቅም፤ ሃብቶም ልጅህን እንጂ ስምህን አልወሰደብህም።

በየሳምንቱ እጽፍላታለሁ ብያታለሁ። ፖስታው እንዲደርሳት ስምህን ከስሟ ቀጥሎ በጉልህ መጻፍ አለብኝ። እጄ መጻፍ እስከቻለ ድረስ ሳምንት ሳላሳልፍ እጽፈዋለሁ፤ ወርቅነህ፣ ወርቅነህ እያልኩ።

ያንተው አስካለ
ከደብረ ብርሃን