ወፍጮው ሲያረጅ

ሐምሌ 3፣ ቢቸና

የዓመቱን ሂሳብ እየዘጋሁ ነው። ዝናብ። የገበሬ ማኅበራችን ወፍጮ ከጠዋት ጀምሮ ይጮኻል። የእርጅና ቅናሹ ላይ ስደርስ ሊቀመንበራችን ጓድ ታደሰ አስቆሙኝ። ለማን የተከፈለ ነው አሉ። ለማንም፣ አልኩ። ከወፍጮው ዕድሜ ዘንድሮ ያለቀው ድርሻ ዋጋ ነው። ያልተከፈለ ወጪ ሰምተው አያውቁም። ግድ ከሆነም ከቢሮ ወጪ ጋር ቀላቅዪው፣ ከወረቀትና ከቀለም መሀል ማን ያየዋል አሉ። የሚፈሩት ይገባኛል፤ የማስፈጫ ዋጋ ይጨምራል፣ አባላት ይቆጣሉ።

ማስታወሻ ደብተሬ ሆይ፣ እንቢ አልኳቸው። የጽሕፈት መኪናው እርጅና የቢሮ ወጪ ነው፣ እሺ። ወፍጮው ግን የሚያልቀው እህል ሲፈጭ ነው። ከናፍጣው ጎን፣ ከማስፈጫው ወጪ ነው የሚገባው። አለዚያ እህል መፍጨት ስንት እንደሚያስወጣን ማንም አያውቅም። ተቆጥተው ወጡ።

ሐምሌ 6፣ ሞጣ

ለማዳበሪያ ጉዳይ ከጓድ ታደሰ ጋር መጣን። ገና እንደተቆጡ ናቸው። ከገበያው ወዲያ የአንድ ማኅበር ወፍጮ ቤት አለ። ተዘግቷል። ሞተሩ አልቆ ቆሟል፤ ትርፉን በየዓመቱ ሲከፋፈሉ ለመተኪያ የቀረ የለም። ደጃፉ ላይ ያገኘናቸው ሴት መዳፋቸውን ዘረጉልን። ወደ ድንጋይ ወፍጮ ተመልሰዋል። ቆዳው ተልጧል። ጓድ ታደሰ አጎንብሰው ብዙ አዩት።

ሐምሌ 11፣ እሑድ፣ ቢቸና

ከቅዳሴ በኋላ ጠቅላላ ጉባኤ። አስረዳሁ። አባላቱ ዋጋ ልትጨምሩብን ነው ብለው አጉረመረሙ። ከኋላ እትዬ ደብሪቱ ተነሡ፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በራሳቸው ስም አባል ናቸው።

«ድንጋዩ ሲሟልጥ እንወቅረዋለን። ሲሳሳ ሌላ እናስጠርባለን። ብረቱን ማን ይወቅርልናል? ልጅቷ እውነቷን ነው።»

ከዚያ ጓድ ታደሰ፣ እሳቸው ራሳቸው፣ ሞጣ ስላገኘናቸው ሴት መዳፍ ተናገሩ። አንድ እጅ ተነሣ። ቀጥሎ አዳራሹ ሁሉ። ገና ላልተገዛ ወፍጮ፣ ከዛሬ ዱቄታቸው ሊሰጡ። «የእርጅና ቅናሽ» ትምህርት ቤት ሳጠናው ደረቅ ቃል ነበር። ዛሬ ሰውነቴን ወረረኝ፤ እስካሁን አልለቀቀኝም።

ሐምሌ 13

ሂሳቡ ተዘጋ። የወፍጮው እርጅና ከማስፈጫ ወጪ፣ የጽሕፈት መኪናው ከቢሮ ወጪ። እርጅናውን መመዝገብ ብቻውን ብር አያጠራቅምምና ለመተኪያው ለብቻው የባንክ ሂሳብ ይከፈታል።

ጓድ ታደሰ ሊፈርሙ ብዕሩን አንሥተው ቆዩ። ብሩ ለአዲስ ወፍጮ እስኪበቃ እኛ እዚህ እንኖራለን ወይ ብለው ጠየቁኝ። ልጃቸው ጦር ግንባር ነው፤ ደብዳቤ ከመጣ ቆይቷል። አላውቅም አልኩ። በመስኮቱ፣ እህላቸውን ተሸክመው ተራ የሚጠብቁትን ሴቶች አዩ።

ፈረሙ። ነገ ባንክ እንሄዳለን።