ከከፈንህ የቀረው ዑድ

ይድረስ ለእንድሪስ፣ ለሐያት አባት፤

አሰላሙ ዐለይኩም። ወንዶቹ በመቃብሩ በኩል ሲያልፉ ሰላምታ እንደሚያደርሱህ አውቃለሁ፤ የኔ ግን ከሱቁ ባንኮኒ ላይ ተነሥቶ ይምጣልህ። ከተለየኸኝ ሰባት ወር ሆነ። የሄድኸው በጥቅምት መጀመሪያ ነው፣ ገብሱ ገና ሳይታጨድ። አሁን ግንቦት ነው፤ ገበሬው ሰማይ ሰማዩን እያየ እርሻውን ይደግማል። ደኅና ነኝ ብዬ ብጽፍልህ ውሸት ይሆናል፣ አንተ ደግሞ ውሸትን ከሩቅ ታሸትት ነበር።

የምጽፍልህ የምነግርህ ጥፋት ስላለኝ ነው። አደራህን አበላሽቻለሁ። እስከዚህ ሳምንት ድረስ ከኔና ከመስጊዳችን ኢማም ከሸህ ኑሩ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ግን ክፉ ወሬ በድንገት ሲነግሩህ እንደማትወድ ስለማውቅ አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ።

ልጃችን ሐያት ደብረ ታቦር የነበረውን ሥራዋን ትታ መጥታለች። "ለጊዜው ነው" ትላለች፣ ነገር ግን ልብሷን ሁሉ ጭና ነው የመጣችው። የሱቁን ጨርቅ ወደ ጓዳ አግብታ ፊት ለፊቱን ሽቶ ደርድራበታለች። አብዛኛው የሚረጨው ዓይነት ነው፣ አንተ "ውሃና ጩኸት" የምትለው። ልጆቹ ስልካቸው ላይ ሥዕል እያሳዩ "ይሄ አለ?" ይሏታል፤ አለ ስትላቸው ሸሚዛቸው ላይ አስረጭተው ሊሄዱ ይፈልጋሉ። ሸሚዝ ላይ! አንተ ብትሆን ባንኮኒውን ዘለህ ትወጣ ነበር። እሷም አንተን ወጥታለች። ባለፈው ገበያ አንዱን እጁን ይዛ "ጨርቅ ሙቀት የለውም፣ እስቲ ገላህ ላይ እንየው" ስትለው ሰማሁ። ወደ ጓዳ ገብቼ አለቀስሁ።

ከተማችን አርብ ገበያም እንዳለች ናት። ዐርብ ሲሆን የታች ጋይንት ገበሬ ከነአህያው ይሞላታል። ጎረቤታችን በላይነሽ ዛሬም በራችን ላይ ሳትቆም አታልፍም። ያንተ ወንበር የነበረበት ቦታ ባዶ ነው፤ ሐያት ካርቶን ልታስቀምጥበት ነበር፣ እኔ ከለከልኋት።

መጀመሪያ ያደረግህልኝን የዑድ ሽቶ ታስታውሳለህ? ከጅዳ በተመለስህ፣ እኔን ባገባህ በሦስተኛው ቀን። ስድስት ዓመት ሽቶ ቤት ሠርተህ ይዘኸው የመጣኸው ሁለት ብልቃጥ ዑድ ነበር፣ ሁለቱም ከአንድ ቅባት የተቀዱ። የአንዱን ክዳን ከፍተህ የእጄ አንጓ ላይ በቀጭን እንጨት ነካ አደረግህልኝ። እኔ ከዚያ በፊት ከሳሙና በቀር ሽቶ የማላውቅ፣ አፌን ሳልሰበስብ "በረት በረት ይላል!" አልሁህ። ለሙሽራ የሚባል ነገር አይደለም። አንተ ግን ሳቅህና እጄን ያዝኸው። "ቆይ፣ አትቸኩይ። ዑድ ገና ሲመጣ እንግዳ ነው፤ ገላሽን እስኪላመድ ጠብቂው" አልኸኝ። ከዙሁር ሶላት እስከ አስር ሶላት እጄን ሳትለቅ ቁጭ አልን። ጥቂት ቆይቶ በረቱ ጠፋ። ከዚያ ቆዳ መሰለ፣ ከዚያ ደግሞ ከቀፎ የወጣ ማር። ለአስር ሶላት ስትነሣ አንዴ አሸተትኸኝና "አንቺ ላይ ማር ሆነ" አልህ። ያንተን ክንድ አስጠጋህልኝ። ከአንድ ብልቃጥ የወጣው ቅባት አንተ ላይ እንጨት ሆኗል፣ ዝናብ የመታው አሮጌ በር። "ሽቶውን ሳይሆን ሰውየውን ነው የምታሸችው" ያልኸኝ ያን ዕለት ነው።

በዒድ በዒዱ ሁለታችንም ከአንደኛው ብልቃጥ ቆጥበን ተቀባን። እኔ ማር፣ አንተ እንጨት። በመሃል ሕይወታችን አለፈ።

ወደ ወገዳ ገበያ ስትሄድ የምትሸጣቸውን የሽቶ ብልቃጦች በሱፍ ካልሲ እየጠቀለልህ እንደምትይዝ፣ አንድ ቀን በዚያ ኮረኮንች መንገድ አንዱ ተሰብሮ ሚኒባሱ ሁሉ እንደታወደ ሁልጊዜ ትናገር ነበር። ከጎንህ የተቀመጡት የቤተ ልሔም ቄስ ነጠላቸው ላይ ፈሶባቸው "አንተ እንድሪስ፣ እንዲህ ሸትቼ ቤት ብገባ ለባለቤቴ ምን ብዬ ላስረዳ ነው?" አሉህ። አንተም "እኔ እመሰክርልዎታለሁ አባ" ብለህ እውነትም ከመንገድህ ተመልሰህ ቤታቸው ድረስ ሸኘሃቸው። ሐያት ይህን ወሬ ለደንበኛ ሁሉ ትተርካለች፣ እንዳንተ እያጋነነች።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

የመጀመሪያው ብልቃጥ ባለቀ ጊዜ ሁለተኛውን ሣጥንህ ውስጥ አስገባህና "ይሄ ለዒድም ለሰርግም አይከፈትም። ይሄ የከፈኔ ነው። ዑድ ባረጀ ቁጥር እየጣፈጠ ነው የሚሄደው፤ እኔና እሱ አብረን እናረጃለን" አልኸኝ። "ሟርተኛ" ብዬ ተቆጣሁህ። ቢሆንም እሺ አልሁ። አንተ ከኔ የጠየቅኸው ነገር ጥቂት ነው፤ ከጥቂቱ አንዱ ይህ ነበር።

ሐሙስ ጧት ነፍስህ ወጣች። ከዙሁር በኋላ ልትቀበር ተቆረጠ። ሐያት ገና መንገድ ላይ ነበረች። ሸህ ኑሩና ሁለት ሰዎች ሊያጥቡህ ገቡ፤ እኔ በር ላይ ተቀምጫለሁ፣ በላይነሽ ትከሻዬን ይዛኛለች። ሸህ ኑሩ በሩን ገርበብ አድርገው "ዘሀራ፣ ሽቶውን አምጭ" አሉኝ። ሣጥንህን ከፈትሁ። ሁለት ብልቃጥ አገኘሁ። ሁለቱም ቡናማ፣ ሁለቱም ጣት የሚያህሉ። አንዱ ያንተ አደራ ነው። ሌላው አንድ ነጋዴ "ዑድ ነው" ብሎ ለናሙና የሰጠህ፣ አንተ ሐያትን እውነተኛና አስመሳይ ልታስለይበት ያስቀመጥኸው ነው።

ምልክት አልነበረባቸውም። ስንት ጊዜ "ክር እሰርበት" አልሁህ? "አፍንጫዬ እያለ ክር ለምኔ" ትል ነበር። ይኸውልህ፣ አፍንጫህን ይዘህ ሄድህ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣህ፣ መቸም መልስ አትሰጠኝም።

ምን ማድረግ እንዳለብኝ አውቅ ነበር። ከየብልቃጡ አንዳንድ ጠብታ፣ አንዱን ቀኝ አንዱን ግራ አንጓዬ ላይ፣ ከዚያ መጠበቅ። ነገር ግን ከዚያች ጧት ጀምሮ እኔ ባሏ የሞተባት ሴት ነኝ። ዒዳ ገብቻለሁ፤ አራት ወር ከዐሥር ቀን ሽቶ ገላዬን አይነካም። አንተ ከውስጥ ተጋድመህ እኔ ገና በመጀመሪያዋ ሰዓት ሕጉን ልጥስ? ፈራሁ። ስለዚህ ዕድሜህን ሙሉ ስትከለክለኝ የኖርኸውን አደረግሁ፤ በብልቃጡ አፍ አሸተትሁ። አንደኛው ዝም አለኝ። ሁለተኛው ወዲያው ተነሥቶ ፊቴን መታኝ፣ ጣፋጭ ነው፣ ብርቱ ነው። ለእንድሪስ ብርቱው ይገባዋል አልሁና እሱን ሰጠሁ።

ጧቱ ብርድ ነበር። እውነተኛ ዑድ በብርድ እንደማይነሣ፣ የሚጮኸው አስመሳዩ እንደሆነ ያስተማርኸኝ አንተ ነህ። በለቅሶ አፍንጫዬም ልቤም ተዘግቶ ነበር። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን የበላይነሽ እጅ ነው። ትከሻዬ ላይ ነበር እኮ! "እጅሽን ስጭኝ" ብላት እምቢ አትለኝም ነበር፤ ከፈኑ ተቆርጦ እስኪያልቅ ጊዜ ነበረን። ዒዳው የኔ እንጂ የሷ አልነበረም።

ግንባርህን፣ አፍንጫህን፣ መዳፍህን፣ ጉልበትህን፣ እግርህን፣ ለሱጁድ መሬት የሚነካውን ገላህን ሁሉ ቀቡህ። ባዶውን ብልቃጥ መለሱልኝ። እኔም አደራዬን የተወጣሁ መስሎኝ በሻሽ ጠቅልዬ ከክት ልብሴ ጋር አስቀመጥሁት። በዒዳው ወራት ሲጨንቀኝ አውጥቼ እይዘው ነበር፣ ሳልከፍት። ቢያንስ ይህን አድርጌልሃለሁ እያልሁ እጽናና ነበር።

የካቲት ላይ ዒዳው አለቀ። ታጥቤ ልብስ ቀየርሁ። ሐያት "እማ፣ ዛሬስ ሽቶ ንኪ" አለችኝ። ለመጀመሪያው ቀን ደኅናውን ሽቶ መቀባት ነውር መሰለኝና ያ ሣጥን ውስጥ የቀረው አስመሳይ ይበቃኛል ብዬ ከፈትሁት። አንጓዬ ላይ ነካ አድርጌ ጎመን ልቀነጥስ ተቀመጥሁ። መጀመሪያ በረት በረት አለኝ። እጄ ቆመ። ገና አላመንሁም። ቆዳ ሆነ። ጎመኑን አስቀምጬ ጠበቅሁ፣ አንተ እንዳስተማርኸኝ። የአስር ሶላት ሳይደርስ አንጓዬ ማር ማር አለ፣ ያ የሙሽርነቴ ማር፣ ከዚያ ቀን ይልቅ የወፈረ፣ የጣፈጠ።

እንድሪስ፣ ደስ አለኝ። አፍሬ ነው የምነግርህ፣ ለአንድ አፍታ ልቤ በደስታ ዘለለ። ከዚያ ገባኝ። ይህ እዚህ ካለ፣ አንተ ጋር ምን ሄደ? ሮጬ ሻሹን ፈታሁ፤ ባዶውን ብልቃጥ መዳፌ ላይ ደፋሁት። ግርጌው ላይ የቀረች አንዲት ጠብታ ወረደች። ጥቂት ጣፈጠችና ተነነች፣ ኋላዋ የላስቲክ ሽታ ቀረ። አንተ ለይሉኝታ እንኳ የማትነካውን ነገር ቀብቼ ነው የሸኘሁህ።

ሸህ ኑሩ ዘንድ ሄድሁ። ሰምተውኝ ሲያበቁ "ዘሀራ፣ አላህ የሚያየው ኒያሽን፣ የልብሽን ሐሳብ ነው። እንድሪስ ሥራውን እንጂ ሽቶውን ይዞ አልሄደም" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ለሃይማኖቱ ልቤ ዐረፈ። ለትዳሩ ግን አላረፈም። ያቺን አንዲት ነገር የጠየቅኸው ሸህ ኑሩን አይደለም፣ እኔን ነው። እዚያም ሆነህ "ይሄን ማን ቀባኝ?" ብለህ ፊትህን ስታኮሳትር ይታየኛል።

ሌላም የሚያስጨንቀኝ ነገር አለ። ከዚያ ወዲህ በሆነ ባልሆነው ብልቃጡን መክፈት አማረኝ። ሦስት ጊዜ ከፈትሁት። አንተን ፍለጋ ነው፣ ግን አላገኘሁህም። ሁልጊዜ ማር ነው። እንጨቱ የለም። እንጨቱ ዘይቱ ውስጥ አልነበረም ለካ፣ ገላህ ውስጥ ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ ሊሸትት የሚችለው ያን ሐሙስ ነበር፣ እሱንም እኔ በእጄ አስቀረሁት።

ሰኞ ዕለት ለሐያት ነገርኋት። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር፤ አለቀሰች እንጂ አልተቆጣችም። ከዚያ ያንተ ልጅ ናትና "አምጭው እስቲ" አለችኝ። አንጓዋ ላይ ነካ አድርጋ ባንኮኒው ላይ እጇን ዘርግታ ጠበቀች። ደንበኛ መጣ፣ በግራ እጇ እየሸጠች ጠበቀች። እሷ ላይ ማርም እንጨትም አልሆነ፤ የዝናብ ማግስት ሣር ሆነ። ብዙ አሸተተችው። "እማ፣ አባ የለበትም" አለችኝ። እኔም ይህንኑ ነበር የፈራሁት።

ያን ጊዜ ወሰንሁ። አንገቱ ላይ ቀይ ክር አሠርሁበት፣ እንዳንተ አልኮራም። ለሐያት እንዲህ ብዬ አስምያታለሁ፦ ከዛሬ ጀምሮ አይከፈትም፤ ለሰርግሽም ቢሆን። የኔ ቀን ሲደርስ ክሩን ብቻ አምነሽ አትቅሪ፤ በብልቃጡ አፍም አታሽትቺ። አንቺ ልጅ ነሽ፣ ዒዳ የለብሽም፤ እያለቀስሽም ቢሆን አንጓሽ ላይ አድርገሽ ጠብቂ። አጣቢዎቹ ቢያስቸኩሉሽ ይጠብቁሽ። ሣር ከሆነ እሱ ነው፤ ግንባሬንም መዳፌንም አንጓዬንም ቀብተሽ ሸኚኝ። ላትረሳ ምላልኛለች። እስከዚያው ዒድ በመጣ ቁጥር ምንም ሳልቀባ ባዶ እጄን ይዤ አስብሃለሁ።

ይዤልህ እመጣለሁ እንድሪስ። ዘግይቷል ብለህ አትቀየመኝ፣ ባረጀ ቁጥር ይጣፍጣል ብለሃል። ስመጣ ምንም ሳትጠይቀኝ እጄን እንደዚያን ቀን ያዝልኝ። አትቸኩል። በረቱ ይለፍ፣ ቆዳው ይለፍ። ማር ከሸተተህ እኔ ነኝ። ከዚያ መዳፍህን ስጠኝ፤ ያስቀረሁብህን ከአንጓዬ ወዳንተ ላሳልፈውና፣ አንዴ እንጨቱን ላሽትተው።

ዘሀራ