ካሜራውን ያንሸራሸሩት የጋሽ ድገሙት የሕይወት ታሪክ

የሙዚቃ ክሊፕ አዘጋጁ ጋሽ ድገሙት ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1946 ዓ.ም. ተወለዱ። እናታቸው የሰፈሩን ሕፃን ሁሉ ያዋለዱ ቢሆኑም፣ እሳቸው ግን በእግራቸው መጥተው አስቸግረዋል። ዓለምን በሌላ ማዕዘን ማየት የጀመርኩት ያኔ ነው ይሉ ነበር። በትምህርታቸው ብዙም አልገፉም፤ መምህሮቻቸውም አልገፏቸውም።

በ1964 ዓ.ም. በካሜራ ገመድ ጎታችነት ቴሌቪዥን ጣቢያ ተቀጠሩ። ያኔ ዘፋኝ መጋረጃ ፊት እንደ ጉርድ ፎቶ ተነሺ ይገተራል፤ ካሜራውም ከቆመበት ንቅንቅ አይልም። ጋሽ ድገሙት የአክስታቸውን ባለጎማ ወንበር ተውሰው ካሜራውን አስቀመጡበትና ዘፋኙን ዙሪያውን እየገፉ ቀረጹት። አለቆቻቸው ተደንቀው ካሜራ አንሺ አደረጓቸው። ደጃፍ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የዋሉት አክስታቸው ግን፣ «እኔን ተክለህ ካሜራ ታንሸራሽራለህ?» ብለው ለወራት ሰላምታቸውን ነፍገዋቸዋል።

ቅጽል ስማቸው የወጣው አንዱን ትዕይንት የዘፋኙ እግር እስኪዝል ድረስ ስለሚያስደግሙ ነው። በተለይ የዝግታ ምስል ሲሠሩ ምሕረት አያውቁም ነበር። ዘፈኑን በእጥፍ ፍጥነት ያስከፍታሉ፤ ዘፋኟ በዚያው ፍጥነት አፏን ታንቀሳቅሳለች፤ በኋላ ምስሉ ሲዘገይ አፏ ከዜማው ጋር ይገጥማል፣ ቀሚሷ ግን ውኃ ውስጥ እንዳለ ይንሳፈፋል። የብዙዎች ምላስ ሲተሳሰር አንዲት ወጣት ብቻ አንድም ቃል ሳይስቱ ጨረሱ። በ1972 ዓ.ም. ተጋቡ። ይህ የባለቤታቸው የአፍ ፍጥነት በትዳር ዘመናቸውም እንዳልቀነሰ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጃቸው ይመሰክራሉ።

የባለቤታቸው ታላቅ ወንድምም ድምፀ መልካም ዘፋኝ ናቸው። ባሕር ላይ ሲበሩ የሚያሳይ ክሊፕ እንዲሠራላቸው አዲስ አረንጓዴ ሱፍ አሰፍተው መጡ። ከኋላ የሚሰቀለው ጨርቅም አረንጓዴ ነው፤ በኮምፒውተር አረንጓዴው ሁሉ ሲጠፋ ባሕሩ በቦታው ይገባል። ጋሽ ድገሙት ልብሱን እንዲቀይሩ ለመኗቸው።

«ለዚህ ሱፍ ስል ነው የምዘፍነው» አሉ ዘፋኙ።

እሺ ተባሉ። ክሊፑ ሲተላለፍ አንድ ጭንቅላትና ሁለት መዳፍ ብቻ ማዕበሉ ላይ እየዘፈኑ አለፉ። ዘፋኙ ከዚያ በኋላ የእህታቸውን ደጃፍ አልረገጡም። ጋሽ ድገሙት በየበዓሉ ሽማግሌ ላኩ፤ ሽማግሌዎቹ ግን ክሊፑ ትዝ እያላቸው መሳቅ ስለሚጀምሩ ዕርቁ ይበላሽ ነበር። ጋሽ ድገሙት ራሳቸው አልሳቁም። የባለቤታቸውን ወንድም ቦታ በማዕድ ላይ ባዶ ሲያዩ ምግብ አይወርድላቸውም ነበር።

ዘመኑ የስልክ ሲሆን የልጅ ልጆቻቸው ያንን ክሊፕ ለቀቁት። ተመልካቹ ጎረፈ፤ ተረስተው የነበሩት ዘፋኝ እንደገና ለመድረክ ተፈለጉ። ጋሽ ድገሙት በልብ ሕመም ሆስፒታል በተኙ ጊዜ ዘፋኙ ሳይጠሩ መጥተው ከአልጋው አጠገብ ተቀመጡ።

«ገላዬን ብታጠፋው ነው ሰው ድምፄን የሰማኝ» አሏቸው።

«ሱፉ ግን ያምር ነበር» አሉ ጋሽ ድገሙት። ሁለቱም ሲስቁ ነርሷ መጥታ ገሠጸቻቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዘፋኙ ከአልጋው አልራቁም፤ ጋሽ ድገሙት ባለፈው ሐሙስ ማለዳ ሲያርፉ እጃቸውን ይዘው ነበር።

ጋሽ ድገሙት ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውንና አንድ ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል። ወንድም የተባሉት ዘፋኙ ናቸው፤ አማች ተብለው እንዳይጻፉ አስጠንቅቀውናል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በዕረፍቱ ስፍራ ይቀበልልን፤ ለቀሩትም መጽናናቱን ያድልልን።