ካርታው ላይ ሐረር ብቻ ቀርታለች

ሰኞ፣ ኅዳር 3
ጠዋት 2 ሰዓት። መብራት የለም። ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ዝም፣ እኔም ዝም። ደንበኛ በሩ ላይ ቆሞ መቼ ይመጣል ይለኛል፣ እኔ የማመነጨው ይመስል። ምን ላድርግ፣ በአምቦ የሚያልፈውን መኪና ሰሌዳ አያለሁ። አይሱዙ ከነቀምቴ፣ ኦሮ። ሲኖትራክ፣ ኢት። ሚኒባስ ከጊንጪ፣ ኦሮ። የመንግሥት መኪና፣ አአ። ሁሉም ያየናቸው ናቸው።

መ/ር ደቻሳ ከአስፋልቱ ማዶ፣ ሚስቱ ሱቅ ደጃፍ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ አስተማሪ። ይህን በሽታ ያስያዘኝ እሱ ነው። (ከእንግዲህ ደ. እለዋለሁ፣ ደብተሬ፤ እጄ ሰነፍ ነው።) የኢትዮጵያን ካርታ ከቤቱ አምጥቶ እኔ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። የአንድ ክልል ሰሌዳ ካየን ያንን ክልል በእስኪርቢቶ እንቀባለን። ሕጉ አንድ ነው፦ ያንኑ መኪና ሁለታችንም ካላየነው አይቀባም። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ከማዶ ማዶ እንጯጯሃለን። አፋርን ያገኘን ቀን ደ. ከአግዳሚው ተነሥቶ ጨፈረ፤ ሚስቱ አዴ ለሊሴ አበደ ብላ ከሱቁ ሮጣ ወጣች። አሁን የቀረችው ሐረር ብቻ ናት። ካርታው ላይ ከትንሿ ጣቴ ጥፍር ታንሳለች።

መብራት መጣ። ይብቃኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 6
ደ. አኩርፎኛል። ትናንት ወደ ጌዶ የሚሄድ መኪና ላይ ሐረ አየሁ ይላል። እኔ የአንዲት ልጅ ትራንስክሪፕት ኮፒ ሳደርግ ነበር፤ ጩኸቱንም አልሰማሁ። አየሁ በል፣ ማን ይጠይቀናል፣ ቀብተን እንገላገል አለኝ። እምቢ አልኩ። ያላየሁትን አየሁ አልልም አልኩት፣ ደረቴን ነፍቼ። ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ።

ትንሽ ቆጨኝ። ግን ሕግ ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 12
ማታ። መጻፍ አልቻልኩም፣ ግን ለማን ልንገር።

የሚካኤል ዕለት። ጠዋት ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ እያቃጠለ ነው፣ ጭሱ መንገድ ላይ ተኝቷል። ደ. ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ፣ ነጠላውን እንዳጣፋ፣ ኩርፊያውን ትቶ ወደ እኔ እየተሻገረ ነው። እየሳቀ። ከጊንጪ በኩል ነጭ ፒካፕ መጣ። ዓይኔ እንደ ልማዱ ሰሌዳው ላይ ሄደ። አረንጓዴ። ሐረ።

ደብተሬ፣ ይህን ላንተ ብቻ ነው የምለው፦ ደስ አለኝ። አፌን ከፈትኩ፣ ልጮህለት። ከዚያ ድምፁን ሰማሁ።

ፒካፑ አልቆመም። ወደ ጉደር በረረ። ደ. አስፋልቱ ላይ፣ ነጠላው ሌላ ቦታ። አዴ ለሊሴ በኦሮምኛ ትጮሃለች፣ እኔ ጭንቅላቱን ይዣለሁ፤ ምን እንዳልኩት አላስታውስም። ባጃጅ ውስጥ አስገባነው።

ፖሊስ መጣ። ማን አየ? ሰፈሩ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ታዬ አይቷል፣ ሰሌዳ እኮ ሥራው ነው፣ ሌት ተቀን ሰሌዳ ነው የሚያየው። የሐረር፣ ኮድ 3፣ ነጭ ፒካፕ አልኩ። ቁጥሩስ?

ቁጥሩን አላየሁም። ቁጥር አይቼ አላውቅም! እኛ የምናየው ክልሉን ነው፤ ፊደሏን ካየን በኋላ ቁጥሩ ምን ያደርግልናል? ይህን ማለት ነበረብኝ። ያ ሁሉ ሰው እያየኝ ግን አፈርኩ። አጣርቼ እነግራችኋለሁ አልኩ።

ምኑን ነው የማጣራው?

ዓርብ፣ ኅዳር 14
ሆስፒታል። ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። ሌላ መንገድ የለም አሉ።

ልጠይቀው ገባሁ። ፊቱ አመድ መስሏል። ብርድ ልብሱን ሳስተካክል ቆየሁ፤ አስተካክዬ ስጨርስ እንደገና አስተካከልኩ። የየት ክልል ነበር አለኝ። ነገርኩት። ዓይኑን ጨፈነ፣ የተኛ መሰለኝ። ከዚያ፦

"እንግዲህ አንተ አየኸው፣ እኔ ነካሁት። አሁንስ ይቀባል?"

ሳቀ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ አለቀስኩ። አንዲት ነርስ ወንበር ሰጠችኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 17
ሱቅ ከፈትኩ፣ ለምን እንደከፈትኩ እንጃ። ማዶ አግዳሚው ባዶ ነው። የሚያልፍ መኪና ቁጥር ለመያዝ እሞክራለሁ። አይሆንም። ዓይኔ ፊደሉ ላይ ይቀራል፣ ቁጥሩ ሲደርስ መኪናው የለም። አንዴ እልህ ይዞኝ የአንድ አይሱዙ ቁጥር ሙሉውን ያዝኩ፤ የየት ክልል እንደሆነ ሳላይ አለፈ። ያኔ እንዲህ ባይ ኖሮ።

ሰው ይገባል፣ ኮፒ ያስደርጋል፣ ይጠይቃል። ቁጥሩን ሰጠህ? ጎበዝ፣ እግዜር ነው አንተን እዚያ ያስቀመጠህ። ዳቦ ጋጋሪዋ ጭሱ ጋርዶብህ ከሆነ ተናገር፣ ማንም አይፈርድብህም አለችኝ። አዛኝ ሴት ናት። ግን ጭሱ ሐረን አልጋረደብኝም። እንዴት ቁጥሩን ብቻ ይጋርዳል?

ከሰዓት መርማሪው ደወለ። አላነሣሁም። ነገም አላነሣም ይሆናል። ፈሪ ነኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 20
ተያዘ። ጌዶ ላይ። ነጭ ፒካፕ፣ ኮድ 3፣ ሐረ። ፊት ለፊቱ ተጨፍልቋል፣ አንድ መብራት የለውም።

ፖ/ጣቢያ ጠሩኝ። ግቢው ውስጥ ቆሟል። ያ ነው? ነጭ ነው። ፒካፕ ነው። ሐረም ነው። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰሌዳ ቁጥር ቆሜ፣ አሃዝ በአሃዝ አነበብኩ። አሁን ከጭንቅላቴ አይወጣም። ዓይኔን ስጨፍን ረቡዕ ዕለት ያየሁት ይመስለኛል፤ ሊሆንም ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። እየተቀላቀለብኝ ነው፣ ያስፈራኛል።

ሾፌሩ አጥሩ ሥር ተቀምጧል። ወጣት ነው። በዚያ ቀን በአምቦ አላለፍኩም፣ ጊንጪ በኩል፣ ጭልሞ ጫካ አጠገብ ከዛፍ ጋር ተጋጭቼ ነው ይላል። ሲያየኝ ተነሥቶ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ። ከዛፍ ጋር ሲጋጭ ያየ ሰው የለም፣ መርማሪውም አላመነውም። እኔ ልመነው? ልቤ አንዴ እሱ ነው ይላል፣ አንዴ ምስኪን ይላል።

መርማሪው ትሁት ሰው ነው። ሌላ ምስክር የለም፣ ሁሉም ያዩት መኪናውን እንጂ ሰሌዳውን አይደለም፣ ቁጥሩ ይህ ነው ብለው ቃልዎን ይስጡን፣ ቅዳሜ ይምጡ አለኝ። ካልሰጠሁ ይለቁታል። ከሰጠሁ እስር ነው።

መውጫው ላይ አዴ ለሊሴ ጠበቀችኝ። መኪናው ካልተረጋገጠ ኢንሹራንሱ አይከፍልም፤ ሰው ሠራሽ እግር የሚባል ነገር አይታሰብም፤ ቤቱን ሸጠን ነው ወይ አለችኝ። እጄን በሁለት እጇ ያዘች።

"ኦቦ ታዬ፣ እኔ ምንም አልጠይቅህም። ያየኸውን ብቻ በልልኝ።"

ያየሁትን ብቻ። እሺ አልኳት። ምን ልበል?

ዓርብ፣ ኅዳር 21
ለደ. ነገርኩት። ሌላ የምነግረው ሰው የለኝም፣ ከአንተ ከደብተሬ በቀር፤ አንተ ደግሞ አትመልስም። ቁጥሩን አላየሁም አልኩት። ዋሸሁ አልኩት። አፍሬ ነው አልኩት።

ይስቃል ብዬ ነበር። ወይ ምንም አይደለም ይላል ብዬ። ወይ ደግሞ፣ እንደዚያን ጊዜው፣ አየሁ በል፣ ማን ይጠይቀናል ይለኛል ብዬ። ይህንኛውን ፈርቼም ፈልጌም ነበር። እሱ ግን ጣሪያውን አየ፣ እግሩ የነበረበትን ቦታ አየ፣ እኔን አየ።

"ይህን ሁሉ ዓመት ታዲያ ምን ስታይ ነበር?"

በቁጣ አይደለም። ተማሪውን እንደሚጠይቅ ነው። ብርድ ልብሱን ላስተካክል እጄን ዘረጋሁ። ወደ ግድግዳው ዞረ። ወጣሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 22
ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል። አልተኛሁም። ሱቁን ከፍቼ ካርታው ሥር ተቀምጫለሁ። በሌሊት ካርታውን ላወርደው ተነሥቼ ነበር፣ ሚስማሩ እምቢ አለኝ፣ ተውኩት። ሐረር ነጭ ናት። በሕጉ እንኳ አይቆጠርም፤ ሁለታችን አላየነውም።

ያ ሾፌር ልጅ ከሆነስ? አላየሁም ስል ገዳዩን፣ አይ፣ አልገደለም፣ ደ. በሕይወት አለ፣ ግን እግሩን የወሰደውን ሰው በእጄ መልቀቄ ነው። ካልሆነስ? ሁለቱንም መሸከም አልችልም። አንዱን መምረጥ አለብኝ፣ ሁለቱም አያሽረውም።

ቁጥሩ አሁንም ጭንቅላቴ ውስጥ አለ። ስሜን ሲጠሩኝ እንኳ እሱ ነው የሚቀድመኝ። መርማሪው ፊት ከቆምኩ አፌ ይለዋል፣ ራሴን አውቃለሁ፤ ሰው ሲያየኝ እምቢ ማለት አይሆንልኝም። ስለዚህ ወስኛለሁ። ፖ/ጣቢያ ከመግባቴ በፊት ለአዴ ለሊሴ እነግራታለሁ። አላየሁም፣ አላውቅም፣ ረቡዕም ዋሽቼ ነው እላታለሁ። እሷ ካወቀች በኋላ መዋሸት አልችልም። ከዛሬ በኋላ ሰላም አትለኝም። ማዶ ለማዶ ነን፣ በየቀኑ አያታለሁ።

ሱቋን እየዘጋች ነው። ነጠላዋን አደረገች። አብረን ልንሄድ ነው የተቀጣጠርነው። መንገዱን ግራ ቀኝ አየች፣ ሁለት ጊዜ፣ ድሮ እንዲህ አታደርግም ነበር። እየተሻገረች ነው። ፈገግ አለችልኝ።

እዚሁ በሩ ላይ እነግራታለሁ። ባጃጁ ሳይመጣ። አዴ ለሊሴ፣ እኔ እኮ