ኮሌታው ተቆርጦ ቀሚሱ ሲተርፍ

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ጠዋት 3 ሰዓት

የስፌት መኪናዬን ፔዳል ዛሬም አልነካሁም። ሱቅ ቁጭ ብዬ የዩኒፎርም ሸሚዝ ላይ በእጄ ቁልፍ እተክላለሁ። ከኦፕራሲዮኑ 19ኛ ቀኔ። ደሳለኝ በባጃጅ አደረሰኝ። ኮብልስቶኑ ላይ ሹፌሩን ቀስ በል እያለ ሦስቴ ለመነው። እንቁላል የጫነ ነው የሚመስለው። ባሌ ሲሳሳልኝ ደስ ይለኛል፣ አትፍረድብኝ ደብተሬ።

ቆየሁብህ፣ ከሥር ልጀምርልህ። ሐምሌ ላይ የባሌ እህት ብዙነሽ ለማህፀን በር ምርመራ ጤ/ጣቢያ መሄድ ፈራች። አጃቢ ሆኜ ሄድኩ። ነርሷ ከመጣሽ አይቀር አንቺም ግቢ አለችኝ። እንደ ኮምጣጤ ያለ ነገር ቀብተው ያያሉ፣ ቡና እስኪጠጣ እንኳ አይፈጅም። ብዙነሽ ነጻ። እኔ ላይ ተገኘ። ካንሰር፣ ገና ጅማሬው።

31 ዓመቴ ነው። አልወለድኩም። ዶ/ሩ መውለድ ትፈልጊያለሽ ወይ ሲለኝ መልሱ እንባ ሆነ። ትንሽ ስለሆነ በሩን ብቻ ቆርጬ ማህፀኑን ላስቀርልሽ እችላለሁ አለ። የገባኝ በሙያዬ ነው፦ ኮሌታውን ቆርጦ ቀሚሱን ማትረፍ። አንገቱ እንዳይከፈት ክር አስሮበታል። የተቆረጠው ላቦራቶሪ ነው። ጠርዙ ንጹሕ ከሆነ እሰየው። ካልሆነ ሁለተኛ ኦፕራሲዮን፣ ቀሚሱም ይሄዳል። ውጤቱ የፊታችን ሳምንት ማክሰኞ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11። 10 ሰዓት

የጸሎት ቡድናችን እህቶች ሊጠይቁኝ መጡ። ሰባት ሆነው። ሱቋ ጠበበች፣ ሁለቱ ጨርቅ ላይ ተቀመጡ። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ከዚያ በመጽሐፍ ቅዱስ ያሉ መካን ሴቶች ሁሉ ተራ በተራ ተነሱልኝ። አንዷ፣ በረከት ልጅ ብቻ አይደለም ብላ እጄን ጨበጠች። ያኔ ገባኝ። ማህፀኔ ወጥቶ ነው የመሰላቸው።

ከየት ሰሙ? ከአማቴ፣ ከእማማ። እሳቸው ዘንድ የማህፀን ኦፕራሲዮን ማለት ማውጣት ነው። ሌላ ዓይነት አይተው አያውቁም። አልፈርድባቸውም።

አላረምኳቸውም። ዛሬ ማህፀኔ አለ ብዬ ማክሰኞ የለም ልበል? አሜን አሜን እያልኩ ሸኘኋቸው።

ዓርብ፣ ኅዳር 12። ከምሳ በኋላ

ዛሬስ ጉድ ነው። እማማ ከቱላ መጡ። የእንሰት ቂጣውን ዋሳና ቅቤ ይዘው፣ ብዙነሽን አስከትለው። ብዙነሽ አራት ወር እርጉዝ ናት። እማማ ጉሮሯቸውን ጠርገው ነገሩን አስረዱኝ። የምትወልደው ልጅ የእኔ ይሆናል። ጡት እስኪጥል እናቱ ጋ፣ ከዚያ እኔ ጋ። ላጣ ዘመድ ልጅ መስጠት የነበረ ነው፣ እሳቸውም ያደጉት አክስታቸው ቤት ነው። ባሏ እሺ ብሏል። ብዙነሽም እሺ ብላለች።

ብዙነሽ መሬት መሬት ታያለች። እማማ እጃቸውን ሊታጠቡ ሲወጡ ቀስ ብላ "እዚያ የወሰድኩሽ እኔ ነኝ" አለችኝ።

እሷ ነጻ መውጣቷ፣ እኔ ላይ መገኘቱ፣ ዕዳ ሆኖባታል። ባትወስጂኝ እኮ እሞት ነበር አልኳት። አልሰማችኝም። እጇ ሆዷ ላይ ነው፣ ሕፃኑን ከአሁኑ የምትሰናበተው ይመስል።

ለደሳለኝ ስነግረው ሳቀ። ከዚያ ማህፀኑ እንዳለ እንንገራቸው አለ። እስከ ማክሰኞ ታገሰኝ አልኩት። ዋሳው ግን ጣፍጧል። ሁለቴ በላሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16። ሆ/ል፣ ወረፋ ላይ

አሁን እጠራለሁ። ደሳለኝ የተሰቀለውን ማስታወቂያ ለአራተኛ ጊዜ ያነባል።

5፡30። ንጹሕ። ጠርዙም ንጹሕ፣ አብሮ ለምርመራ የወጣው ንፍፊትም ንጹሕ። ዶ/ሩ ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረልኝ። ምንም አይገባኝም፣ ግን አየሁት።

ገና ብዙ አለ። በየሦስት ወሩ ክትትል። ለማርገዝ ቢያንስ አንድ ዓመት መጠበቅ። ካረገዝኩ ልጁ ያለ ጊዜው ሊመጣ ይችላል፣ መውለጃውም በኦፕራሲዮን ነው። ቃል አልገባልሽም አለኝ። እኔም ቃል አልፈለግኩም። ማህፀኔ አለ። ከሆ/ሉ በር ላይ ሙዝ ገዝተን ቆመን በላን። ደስ ብሎኛል ደብተሬ፣ ሌላ ቃል የለኝም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

ቱላ ሄድን። እማማን አስቀምጬ ነገርኳቸው። "አለ? እዚያው?" አሉ። አለ እማማ፣ እዚያው ነው አልኳቸው። ከዚያ ተቆጡ፤ ሦስት ሳምንት ያለቀስኩትን ማን ይመልስልኛል አሉ። ወዲያው ደግሞ እልልታቸው ጎረቤት ሰበሰበ።

ብዙነሽ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ልጅሽን ራስሽ አሳድጊ፣ እኔ ልብሱን እሰፋለሁ አልኳት። ቁጭ አለች፣ መሬት ላይ። እንደዚያ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም። እሺ ስትል ሆዷ እንዴት እንደተቃጠለ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እኔም አለቀስኩ። ለእኔ ብላ ልትሰጠኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20። 7፡45

8 ሰዓት ላይ የሴቶች ኳየር ለገና ልብስ ልኬት ይመጣል። አስራ አንድ ሴቶች። ቤ/ክ ነገ ወጥተሽ መስክሪ ብሎኛል። መድረክ ላይ መናገር አልችልበትም፣ እዚህ ግን የማዘው እኔ ነኝ።

ወስኛለሁ። ዛሬ ማንንም አልለካም። ደርሶብኝ የተረፍኩትን ነገር፣ በሩንም ማህፀኑንም በስማቸው ጠርቼ እነግራቸዋለሁ። ከዚያ ለምርመራው ዕድሜዋ የደረሰ ሁሉ ሰኞ ጠዋት ጤ/ጣቢያ። አጃቢያቸው ብዙነሽ ናት፣ እሺ ብላለች። የተመረመረችበትን ካርድ ያላሳየችኝ ለገና በአሮጌው ልብስ ትዘምር። ይቆጣሉ። ይቆጡ።

ድምፃቸው ይሰማኛል፣ እየሳቁ ነው የሚመጡት። ሜትሩን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት።